ቼስ ላይ ለምን እንደምንሸነፍ፦ ምልክቱ፣ መነሻው፣ ማስተካከያው

ቅዳሜ ከሰዓት ጀማሪዎችን ቼስ ማስተማር ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጡ አባት፣ በእናቷ እጅ ተይዛ የምትመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሁሉም ይዘውት የሚመጡት አቤቱታ አንድ ነው፤ «ሕጉን አውቃለሁ፣ ቪዲዮ አያለሁ፣ ግን አላሸንፍም።» ጨዋታቸውን አብረን ከፍተን ስናየው ብልሽቱ ከአምስት ከስድስት ዓይነት አያልፍም። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ብቻውን የቀሩትን ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ በእሱ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አልፋቸዋለሁ።

ጠጠሮቹ እንዴት እንደሚሄዱ፣ ካስል እንዴት እንደሚደረግ፣ ቼክሜት ምን እንደሆነ የምታውቁ አድርጌ ነው የምጽፈው። ቤቶቹን በፊደልና በቁጥር እጠራለሁ፤ ከነጭ ተጫዋች ግራ እጅ ተነስቶ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች። የነጩ ንጉሥ የሚነሳው ከኢ1 ነው።

«ሬቲንጌ በየቀኑ እየወረደ ነው»

መጀመሪያ ብልሽት መኖሩን እናረጋግጥ። ሊቼስ በሚባለው የቼስ መጫወቻ ድረ ገጽ ላይ አዲስ የሚመዘገብ ሰው ሬቲንጉ፣ ማለትም የአቅሙ መለኪያ ነጥብ፣ የሚነሳው ከ1500 ነው። ሕጉን ትናንት የተማረ ሰው 1500 ስላልሆነ ቁጥሩ ወደ 1000 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ የደከመ ይመስለዋል። አልደከመም፤ ስሌቱ ትክክለኛ ቦታውን እየፈለገለት ነው። የአንዱን ድረ ገጽ ቁጥር ከሌላው ጋር አታወዳድሩ፣ መለኪያቸው የተለያየ ነው። ደግሞም ኤሎ በሚባለው የሬቲንግ ስሌት መሠረት በ200 ነጥብ የሚበልጣችሁ ሰው ከ100 ጨዋታ ወደ 76 ያህል ነጥብ ይወስዳል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አራት ጊዜ ተጫውታችሁ ሦስቱን ብትሸነፉ ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

ለጀማሪ የሚሆነው መለኪያ ሌላ ነው፤ በአንድ ጨዋታ ስንት ጠጠር በነጻ ሰጣችሁ? ቁጥሩ ከጨዋታ ጨዋታ ካልቀነሰ ያን ጊዜ ብልሽት አለ፣ እሱም የሚከተለው ነው።

«ጥሩ እየተጫወትኩ ነበር፣ ከዚያ ድንገት ንግሥቴ ተበላች»

በዚህ ቃል የማይጀምር ተማሪ የለኝም ማለት እችላለሁ። አንዳንዱ ንግሥት ይላል፣ አንዳንዱ ሩክ፣ አንዳንዱ «አንድ ፈረስ ብቻ ነው የተበላብኝ» ይላል። «ድንገት» የምትለዋ ቃል ግን አትቀርም።

በራሳችሁ ላይ እንዲህ መርምሩ። የተሸነፋችሁባቸውን የመጨረሻ 10 ጨዋታዎች ክፈቱ። የኮምፒውተሩን ትንተና አጥፉት። በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ ጠጠር በነጻ የተበላባችሁ የመጀመሪያው ጊዜ ስንተኛው እርምጃ ላይ እንደሆነ በወረቀት ጻፉ። ከጎኑ ተጋጣሚያችሁ ከዚያ በፊት የተጫወተውን እርምጃ ጻፉ። አስሩንም ስትጨርሱ አንድ ነገር ታያላችሁ፤ ጠጠሩ የተበላው ድንገት አይደለም። ተጋጣሚው አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ መጥቶ አነጣጥሮበት ነበር፣ እናንተ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ የራሳችሁን ሥራ ትሠሩ ነበር።

መነሻውን ለመረዳት የራሳችንን ጥንታዊ ቼስ፣ ሰንጠረዥን፣ ማስታወስ ይረዳል። ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበረው። በወረራ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በየፊናቸው፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጀማሪ ቼስን የሚጫወተው ጨዋታው ሁሉ ወረራ እንደሆነ አድርጎ ነው። የተጋጣሚው እርምጃ ለእሱ «ተራዬ ደረሰ» የሚል ምልክት ብቻ ነው። ምን እንደተንቀሳቀሰ አያይም፣ መንቀሳቀሱን ብቻ ያያል። ሰንጠረዥን እየነቀፍኩ አይደለም፤ በወረራም ቢሆን ጎበዝ ተጫዋች ዓይኑን ከሌላው እጅ ላይ አያነሳም ነበር፣ የዚያኛውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የእኛ ጀማሪ የጎደለው ይህ ነው።

ሦስት ሰዎችን ላንሳ፣ ምክንያቱም ብልሽቱ አንድ ቢሆንም መልኩ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው የሒሳብ ሠራተኛው ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ በማኪያቶ እየተወራረደ ይጫወታል። አንድ ቅዳሜ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። በአንድ ሰው፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ በአንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ተሸንፏል። ሰሌዳ ዘርግተን አሳየኝ፤ እሱ ነጭ ነው። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ፈረስ ኤፍ3፣ ጥቁር ፈረስ ሲ6። ነጭ ቢሾፕ ሲ4፣ እስካሁን ሁሉም መልካም ነው። ጥቁሩ አሁን ፈረሱን ዲ4 ላይ አስቀመጠ። ኢ5 ላይ ያለው የጥቁር ወታደር ጠባቂ አጣ። ሰውዬው አየና ደስ አለው፤ በፈረሱ ኢ5ን በላ። ጥቁር ንግሥቱን ጂ5 ላይ አወጣ። ሰውዬው አሁንም የሚያየው የራሱን ፈረስ ነው፤ ኤፍ7ን ቢበላ ንግሥቱንም ሩኩንም በአንድ ጊዜ ያጠቃል። በላ። ጥቁር ጂ2ን በንግሥቱ በላ። ነጭ ሩኩን ለማዳን ኤፍ1 ወሰደው። ጥቁር በንግሥቱ ኢ4ን በልቶ ቼክ አለ። ነጭ ቢሾፑን ኢ2 ላይ መልሶ ጋረደ። የጥቁር ፈረስ ኤፍ3 ላይ አረፈ፣ ቼክሜት። ኢ2 ላይ ያለው ቢሾፕ ፈረሱን እንዳይበላ በንግሥቲቱ ታስሯል፤ ከቦታው ቢነሳ ንጉሡ ይጋለጣል።

ሰባት እርምጃ ነው። ሦስቱንም ጊዜ የጠየቀው ጥያቄ «ምን ልብላ?» የሚል ነበር። አራተኛው እርምጃ ላይ «ይህ ፈረስ ለምን ዲ4 ላይ መጣ? ወታደሩን ለምን ትቶት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል ነበር። ፈረሱን በፈረስ ይበላል፣ ጥቁሩ በወታደር መልሶ ይበላል፣ ነጭ ካስል ያደርጋል፣ አለቀ። ሦስተኛው ጊዜ ላይ እንኳ ያልጠየቀው መሆኑ በጣም ያሳስበኛል። ወጥመዱን እንዲሸመድድ አላደረግሁትም። ወጥመድ መሸምደድ የሚያድነው ከዚያ አንድ ወጥመድ ብቻ ነው፣ ካፌው ውስጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሌላም ያውቃል።

ሁለተኛው ጡረታ የወጡት አባት ናቸው። እሳቸው የተጋጣሚያቸውን እርምጃ ያያሉ፤ የማያዩት የራሳቸው እርምጃ ትቶት የሚሄደውን ነው። ቢሾፓቸው ኢ3 ላይ ቆሟል፣ የጥቁር ንግሥት ከኢ7 በተከፈተው ዓምድ ታየዋለች፣ ኤፍ2 ላይ ያለው ወታደር ደግሞ ይጠብቀዋል። ማጥቃት አማራቸውና ወታደሩን ከኤፍ2 ወደ ኤፍ4 ገፉት። ንግሥቲቱ ቢሾፑን በልታ ቼክ አለች። «አባባ፣ ያ ወታደር ምን ሥራ ነበረው?» አልኳቸው። ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አይተው፣ «ዘበኛ ነበር ለካ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቃል ነው የማስተምረው። እያንዳንዱ ወታደር፣ እያንዳንዱ ፈረስ የሆነ ነገር ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ዘበኛውን ከማንሳታችሁ በፊት በሩ ላይ ማን እንዳለ ተመልከቱ።

ሦስተኛዋ ልጅቷ ናት፤ የእሷ ስሕተት ከሁሉም የረቀቀ ነው። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ6፣ ነጭ ዲ4፣ ጥቁር ዲ5፣ ነጭ ፈረስ ሲ3፣ ጥቁር ቢሾፕ ቢ4። ኢ4 ላይ ያለው ወታደሯ እየተጠቃ እንደሆነ አየች። ሲ3 ላይ ያለው ፈረስ እንደሚጠብቀው ቆጠረችና ሌላውን ፈረስ ኤፍ3 ላይ አወጣች። ጥቁሩ ኢ4ን በላ። መልሳ ልትበላ እጇን ስትዘረጋ ፈረሱ አይነሳም፤ ቢ4 ላይ ያለው ቢሾፕ ከንጉሡ ጋር አስሮታል። ያ የጥቁር ወታደር አሁን ደግሞ አዲስ የወጣውን ፈረሷንም እያጠቃ ነው። ዘበኛ አለ ብላችሁ አትተኙ፤ ዘበኛው እጁ ታስሮ እንደሆነ እዩ።

ይህ የጀማሪ ብቻ በሽታ አይደለም። በኅዳር 2006 እ.ኤ.አ. ጀርመን ቦን ውስጥ የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላዲሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባለው ኮምፒውተር ጋር ሲጫወት፣ በሁለተኛው ጨዋታ 34ኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱን ኢ3 ላይ አስቀመጠ። ኮምፒውተሩ ንግሥቱን ኤች7 ላይ አሳርፎ በአንድ እርምጃ ቼክሜት አደረገው። ክራምኒክ በራሱ ዕቅድ ተውጦ ነበር፤ ለቼክሜቱ የተዘጋጀው የነጭ ፈረስ ኤፍ8 ላይ ነበር፣ ፈረስ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ኤች7ን ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ አይታይም። የዓለም ሻምፒዮንን አንድ ቀን የሚጥል ነገር እኛን በየቀኑ ቢጥለን አያስገርምም፤ ግን ልማድ ይቀንሰዋል።

አሁን ማስተካከያው። ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፣ በየተራችሁ፣ ሳትዘሉ።

አንደኛ፣ የተንቀሳቀሰው ጠጠር ከአዲሱ ቦታው ምን ያጠቃል? ሁለተኛ፣ ከነበረበት ሲነሳ ምን ከፈተ፣ ምንስ ትቶ ሄደ? ከኋላው ያለ ቢሾፕ ወይም ሩክ መንገዱ ተከፍቶለት እንደሆነ የምታዩት እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ የራሳችሁን እርምጃ መርጣችሁ፣ ገና ሳትነኩ፣ «ይህን ብጫወት እሱ ምን ቼክ አለው፣ ምን መብላት ይችላል፣ ምን ያስፈራራል?» በዚህ ቅደም ተከተል። ቼክ ሁሉ መታየት አለበት፣ ሞኝ የሚመስለውም ጭምር። ከቼክ ቀጥሎ መብላት ሁሉ፣ በንግሥት ወታደር መብላትም ጭምር።

ቤት ላይ የሚነጣጠሩ ሲበዙ ቁጠሩ፤ ስንት አጥቂ፣ ስንት ጠባቂ፣ ማን ቀድሞ ይበላል። ዋጋቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ወታደር 1፣ ፈረስና ቢሾፕ 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9።

ጥያቄዎቹን ማወቅ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሁልጊዜ መጠየቅ ነው። ስለዚህ በአካላችሁ አስሩት። መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የምትጫወቱበትን እጅ ከጭናችሁ ሥር አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ አይወጣም። ቤት ውስጥ ስትለማመዱ ጥያቄዎቹን ድምፅ አውጥታችሁ በሉ። እርምጃችሁን ከመረጣችሁ በኋላ ተነስታችሁ በተጋጣሚው ወንበር በኩል ሰሌዳውን እዩት። ስልክ ላይ ከሆነ ሰሌዳውን የምትገለብጥ ቁልፍ አለች፣ ለልምምድ ተጠቀሙባት። ከወዲያ ማዶ ሲታይ ያ «ድንገት» የምትሉት ቢሾፕ በሰያፉ ላይ ፍጥጥ ብሎ ይታያችኋል። በተለይ ወደ ኋላ የሚሄድ ቢሾፕና ንግሥት ከዓይን ያመልጣሉ፤ ሰው ጥቃት ወደ ፊት ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል።

ሰዓቱም ይወስናል። 15 ደቂቃና ለእያንዳንዱ እርምጃ 10 ሰከንድ ጭማሪ ያለው ጨዋታ ተጫወቱ፣ በቀን ሁለት ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት በሰዓት ትሸነፋላችሁ። ግድ የለም፣ ተሸነፉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በሦስት ደቂቃ ጨዋታ የምታሳልፉ ከሆነ ግን ከላይ የጻፍኩት ሁሉ አይሠራላችሁም። አንድ ወጣት ነበር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት የሦስት ደቂቃ ጨዋታ እየተጫወተ ቅዳሜ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል። ከስድስት ወር በኋላም ያው ስሕተት፣ ያው ቦታ። ልምድ እያካበትኩ ነው ይለኛል። እያካበተ የነበረው ሳያዩ የመጫወትን ልምድ ነው፤ በየሌሊቱ አርባ ጊዜ የተደገመ ነገር በቅዳሜ አንድ ሰዓት አይነቀልም። ስልኩ ላይ ያለውን ፈጣን ጨዋታ ለአንድ ወር እንዲተው ለመንኩት። በሦስተኛው ሳምንት ነው ለውጥ ያየሁበት፤ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት እጁ ከአእምሮው እየቀደመ ሲሰቃይ አይቻለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠጠር ከነካችሁ በኋላ አትጠይቁ። በውድድር የነካችሁትን መጫወት ግዴታ ነው። ጓደኛችሁ «መልሰው፣ ግድ የለም» ቢላችሁ እንኳ አትመልሱት፤ ይህን ቸርነት የለመደ ሰው ውድድር ላይ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ «አያየውም» ብላችሁ እርምጃ አትጫወቱ። ያየዋል ብላችሁ አስቡ። ካየው የሚያከስራችሁ እርምጃ ዛሬ ቢሠራም መጥፎ እርምጃ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጠጠር ከበላችሁ በኋላ ያለችው እርምጃ ከሁሉ አደገኛዋ ናት። ደስታ ዓይን ይጋርዳል። አንድ ፈረስ ትርፍ ይዛችሁ ጥግ ያለች ወታደር ልትበሉ ንግሥታችሁን ከቤት ማራቅ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ትርፍ ስትይዙ ጠጠር ተለዋወጡ፣ ሰሌዳው ይቅለላችሁ።

ሌላም አለ። በነጻ የቀረበላችሁን ንግሥት ከመብላታችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ስጡት። አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛ ስሕተት ነው፣ ትበሉታላችሁ። አንዳንዴ ግን ከኋላው ቼክሜት አለ፣ ደቂቃዋም ለዚያ ናት።

«ፓዝል ላይ ጎበዝ ነኝ፣ ጨዋታ ላይ ግን ደካማ ነኝ»

ፓዝል፣ ማለትም ጥሩውን እርምጃ ፈልጉ የሚል የሰሌዳ እንቆቅልሽ፣ ሲከፈት «እዚህ ውስጥ ነገር አለ» ብሎ የነገራችሁ አለ። በጨዋታ ውስጥ ደወል የሚደውል የለም። ደግሞም ፓዝል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቃችሁ የእናንተን ጥቃት ነው፤ የተጋጣሚን ጥቃት የማየት ጡንቻ አይሠራም። እያንዳንዱን ፓዝል ፈትታችሁ ስትጨርሱ ሰሌዳውን ገልብጡና የተሸነፈው ሰው አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ምን ቢጫወት ይድን እንደነበር ፈልጉ። ከሃምሳ ፈጣን ፓዝል እንዲህ የተሠሩ አምስት ይሻላሉ። የሰዓት እሽቅድምድም ያለበትን ፓዝል ለጀማሪ አልመክርም።

«መክፈቻ ሸምድጃለሁ፣ ግን ስድስተኛው እርምጃ ላይ እጠፋለሁ»

ተጋጣሚያችሁ እናንተ ያያችሁትን ቪዲዮ አላየም፤ ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ያለውን እርምጃ አይጫወትም። መነሻው ይህ ብቻ ነው። መክፈቻ መሸምደዳችሁን አቁሙ። መሃሉን በወታደር ያዙ፣ ፈረሶችንና ቢሾፖችን አውጡ፣ ካስል አድርጉ፣ በመካከላቸው ጠጠር እንዳይኖር አድርጋችሁ ሩኮቹን አገናኙ። እስከዚያ ድረስ አንድን ጠጠር ያለ በቂ ምክንያት ሁለት ጊዜ አታንቀሳቅሱ፣ ንግሥትንም ቶሎ አታውጡ።

ንግሥቱን ቶሎ የሚያወጣባችሁ ሰው ግን አይቀርም። ኢ4፣ ኢ5፣ ቢሾፕ ሲ4፣ ፈረስ ሲ6፣ ንግሥት ኤች5። ያነጣጠረው ኤፍ7 ላይ ነው። ብዙዎች ንግሥቲቱን ለማባረር ፈረስ ኤፍ6 ያወጡና ንግሥት ኤፍ7ን በልታ ቼክሜት ይሆናሉ። ትክክለኛው ወታደር ጂ6 ነው፤ ንግሥቲቱ ኤፍ3 ስትመለስ አሁን ፈረስ ኤፍ6። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ንግሥቲቱ በሁለተኛው እርምጃ፣ ቢሾፑ ሳይወጣ፣ ኤች5 ከመጣች ቶሎ ብላችሁ ጂ6 አትግፉ። ኢ5ን በልታ ቼክ ትላለች፣ ቀጥላ ኤች8 ላይ ያለውን ሩክ ትወስዳለች። መጀመሪያ ፈረስ ሲ6 አውጥታችሁ ኢ5ን ጠብቁ። ይህን የምጽፈው እንድትሸመድዱት አይደለም፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ሁለቱንም መልሶች ራሳቸው ይሰጧችኋል፣ ሞክሩት።

«ንግሥት ይዤ፣ እሱ ንጉሥ ብቻ ይዞ፣ አቻ ወጣን»

ይህ ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም አንድ ከሰዓት ቢሠራበት ለዘላለም የሚጠፋ ብልሽት ነው። ሰው ግን መጨረሻውን ሳይለማመድ ሃያ መክፈቻ ያያል።

ስቴልሜቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። የጥቁር ንጉሥ ኤች8 ጥግ ላይ ብቻውን ነው፣ ንግሥታችሁን ጂ6 ላይ አስቀመጣችሁ። ጂ8፣ ጂ7፣ ኤች7 ሁሉም ተዘጉ። ንጉሡ ግን ቼክ ላይ አይደለም፣ መሄጃም የለውም። አቻ።

መንገዱ ይኸው። ንግሥቱን ከተጋጣሚው ንጉሥ የፈረስ ዝላይ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ። እሱ ወደ ሄደበት አቅጣጫ እናንተም ንግሥቱን በዚያው ልክ አንቀሳቅሱ፤ ቼክ አትበሉ፣ መከተል ብቻ። የሚንቀሳቀስበት ሳጥን እየጠበበ ንጉሡ ወደ ጥግ ይነዳል። ጥግ ሲገባ አቁሙ! የፈረስ ዝላዩ ርቀት ጥግ ላይ ሲደርስ ስቴልሜት ነው። ንጉሡ ኤች8 ላይ ከሆነ ንግሥቱን ኢ7 ላይ አድርጋችሁ ተዉት፤ እሱ በኤች8 እና በጂ8 መካከል ይመላለሳል እንጂ አይወጣም። እናንተ የራሳችሁን ንጉሥ ቀስ ብላችሁ አምጡ። ንጉሣችሁ ኤፍ6 ሲደርስ ንግሥት ጂ7፣ ቼክሜት። ይህን ከወንድም ከእህታችሁ ጋር አስር ጊዜ ተለማመዱ፣ ከዚያ በአንድ ሩክና በንጉሥ የሚደረገውን ቼክሜት ቀጥሉ። ጠጠር ሳይበላና ወታደር ሳይንቀሳቀስ ከሁለቱም ወገን 50፣ 50 እርምጃ ካለፈ ተጋጣሚ አቻ መጠየቅ ስለሚችል ቼክ እያላችሁ መዞር አያዋጣም።

ተጋጣሚ ንጉሥ ብቻ ሲቀረው ከሦስቱ ጥያቄዎች በፊት አንድ ጨምሩ፤ «ይህን ብጫወት መሄጃ ቤት ይቀረዋል?»

«ቢሾፑን ወታደር መስሎኝ ነበር»

ስለ ሰሌዳና ጠጠር ነው። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ስብስቦች ውስጥ አንዳንዱ ንጉሡና ንግሥቱ እኩል ቁመት አላቸው፣ ቢሾፑ ከወታደር የሚለየው በአንዲት ጭረት ነው፣ ጠጠሩ ከመቅለሉ የተነሳ የእጅጌ ጫፍ ይጥለዋል። አንድ ወላጅ ለልጃቸው ስጦታ ብለው የገዙትን እንዲህ ያለ ስብስብ ይዘው መጡ፤ ልጁ ግማሽ ሰዓት የሚያጠፋው የወደቀ በማንሳት ነው፣ ከዚያም የት እንደነበረ ይጨቃጨቃሉ። ጀማሪ ዓይኑን እያሠለጠነ ነው፤ ዓይኑን የሚያታልል ዕቃ አትስጡት። በውድድር የሚሠራበት መጠን የንጉሡ ቁመት 9.5 ሴንቲሜትር፣ የአንዱ ቤት ስፋት ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ነው። ከዚህ ትንሽ ቢያንስ ግድ የለም፣ ነገር ግን ከሥሩ ክብደት ያለው፣ ሰሌዳውም የማያብረቀርቅ ይሁን። የሚጠቀለል የፕላስቲክ ሰሌዳ ከተንቆጠቆጠ የመስታወት ሰሌዳ በብዙ ይሻላል። የመስታወቱ ለሳሎን ጌጥ ነው፣ ልጅ አታስተምሩበት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ካስል አድርጋችሁ፣ ከንጉሡ ፊት ያሉትን ሦስት ወታደሮች ሳትነኩ፣ በመጨረሻው ረድፍ በሩክ ቼክሜት ከሆናችሁ፦ ጊዜ ስታገኙ ኤች3 (ለጥቁር ኤች6) ገፍታችሁ ለንጉሡ መስኮት ክፈቱ።

ተጋጣሚ ወታደራችሁን ከጎን «ሰርቆ» ከበላ፦ አልሰረቀም፣ አን ፓሳን የሚባል የተፈቀደ የወታደር አበላል ነው፤ ሕጉን ዛሬውኑ አንብቡ።

ስልክ ላይ ጣታችሁ አጠገብ ያለ ቤት ከነካ፦ ቅንብሩ ውስጥ እርምጃን ማረጋገጫ አብሩ።

ኔትወርክ መሃል ላይ ከተቋረጠ፦ ረዥም ጨዋታ በዋይፋይ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ በሰሌዳ።

ከኋላ ቆመው የሚመክሩ ካሉ፦ በትሕትና «ከጨዋታው በኋላ» በሉ። ወላጆች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል፤ ልጁ እርምጃ ከመጫወቱ በፊት ፊታችሁን የሚያይ ከሆነ ሰሌዳውን እያየ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተስተካከለ

አንድ ደብተር ያዙ። በየጨዋታው ቀን፣ የተሰጠ ነጻ ጠጠር ብዛት፣ እና ጠጠሩ በተበላበት ሰዓት ምን እያሰባችሁ እንደነበር በአንድ መስመር ጻፉ። ልጅቷ በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሯ ላይ «አራት» ብላ ጻፈች፣ ከጎኑ «ቼክሜት ላደርገው ነበር» የሚል አለ፣ አራቱም ላይ። ላም አለኝ በሰማይ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሁልጊዜ የምታየው ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ያለውን የራሷን ድል ነበር። ያን ካነበብኩ በኋላ ሌላውን ሁሉ ትቼ አንድ ወር ሙሉ ሦስተኛውን ጥያቄ ብቻ አሠራኋት። በሰባተኛው ሳምንት «ዜሮ» የሚል መስመር መጣ፣ ያን ጨዋታ ተሸንፋዋለች። እናቷ አዘኑ፣ እኔ ግን ልጅቷን ለክለቡ ውድድር ያስመዘገብኳት በዚያ ቅዳሜ ነው።

አርባ ጨዋታ ያህል ከጻፋችሁ በኋላም ቁጥሩ ካልቀነሰ ደብተሩን ከእናንተ ለሚሻል ሰው አሳዩት። ሬቲንጋችሁን አትንገሩት፣ ያሸነፋችሁትንም ጨዋታ አታሳዩት። ያቺን «ምን እያሰብኩ ነበር» የምትለዋን መስመር ከላይ እስከ ታች ያንብብላችሁ፤ ብልሽቱ ያለው እሷ ላይ ነው።